ከሣጥኑ ያወጣኋት ወረቀት

የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ሳጠና ሰው አስገድያለሁ። እንዲህ ብዬ ስጀምር የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። ነገሩ የሆነው ነቀምቴ ነው፣ በንጉሡ ዘመን፣ እኔ ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ።

ከሚሲዮን ትምህርት ቤት እንደወጣሁ በቤተ ክርስቲያን ሴቶችን ፊደል አስቆጥር ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለእኛ ለአስተማሪዎቹ የቃል ጥናት ይሰጠን ነበር። መምህራችን የአገሬው ተወላጅ የሆኑ ሽማግሌ ናቸው፤ ሲቆጡ የግንባራቸው ሥር ይገተራል፣ እጃቸውም አያርፍም። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ቃል ያድሉናል። ያ ቃል በመጽሐፉ ውስጥ የተነሣበትን ቦታ ሁሉ እየፈለግን፣ ከበላዩና ከበታቹ ካለው ዐረፍተ ነገር ጋር፣ እያንዳንዱን በየራሱ ወረቀት ላይ እንገለብጣለን። አንድ ጊዜ ከአማርኛው፣ አንድ ጊዜ ከኦሮምኛው። የኦሮምኛውን መጽሐፍ በጨርቅ ጠቅልለው ነበር የሚያመጡት፤ በዚያ ቋንቋ ማስተማር በሹማምንቱ ዘንድ ስለማይወደድ ስናነብበው መስኮት እንዘጋለን። ለወረቀት የሚሆነንን የሲጋራ ካርቶን ከጉራጌው ባለሱቅ እየለመንን በመቀስ እንቆርጣለን።

ሥራው ሲያልቅ ወረቀቶቹ በሙሉ ከሣጥን ወጥተው ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋሉ። አንዲት እንኳ ቀርታ የቃሉን ትርጉም መናገር ክልክል ነው። አንድ ወንጌላዊ ስብከቱን የሚያበላሹበትን ሁለት ወረቀቶች ኪሱ ከትቶ ተገኘና ሽማግሌው አንገትጌውን ጨምድደው ከበሩ መቃን ጋር አላተሙት። ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደሙ ሸሚዙ ላይ ሲንጠባጠብ፣ «የደበቅኻት ወረቀት ሰው ትገድላለች!» ብለው ጮኹበት። እኛ እርስ በርሳችን ተያይተን ሽማግሌው ዛሬስ አበዙት አልን።

ለእኔ የደረሰኝ ቃል «ደም ተበቃይ» የሚለው ነበር። የተገደለ ሰው ዘመድ ሆኖ ገዳዩን የሚያሳድድ ማለት ነው። ለወለጋ ሰው ይህ አስተማሪ አያሻውም።

የምንኖረው ከቡርቃ ጃቶ በኩል፣ ከተማው ሊያልቅ ሲል ነው። እናታችን ቀደም ብላ ስለሞተች ቤቱ የአባቴ፣ የታላቅ ወንድሜና የእኔ ነበር። ወንድሜ ከጎረቤታችን ጋር በድንበር ቦይ ተጣልቶ ከርሟል፤ ሰውየውም በሰው ፊት «አንድ ቀን አሳይሃለሁ» ብሎ ዝቶበት ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አስታረቋቸውና እርቁን በሥራ እናጽናው ተባብለው ለጎረቤታችን ቤት የሚሆን እንጨት ጉቴ ከምትባለው ከተማ አጠገብ አብረው ሊቆርጡ ተቀጣጠሩ።

በዋዜማው ወንድሜ የአባቴን ምሳር ይዞ መጣ። «ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ፣ ብረቱ ይወዛወዛል። እስከ ነገ ውሃ ውስጥ ክተቺልኝ» አለኝ። የደረቀ እጀታ ሲርስ አብጦ ብረቱን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፤ ይህን በእኛ ሰፈር የማያውቅ የለም። እኔ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ የምገለብጠውን እገለብጣለሁ። ቀና ሳልል «እሺ» አልኩት፤ ረሳሁት። በማግስቱ ጎረቤታችን ምሳሩን ከበሩ ጀርባ አንሥቶ ትከሻው ላይ ሲያደርግ ወንድሜ ከግቢው ሆኖ «ከተትሽው አይደል?» አለኝ። እንዳይጨቀጭቀኝ «አዎ» አልኩት።

እኩለ ቀን ላይ የወንድሜን ሬሳ በቃሬዛ አመጡት። ጎረቤታችን ምሳሩን ሲሰነዝር ብረቱ ከእጀታው ወልቆ ወንድሜን በግራ ዓይኑና በጆሮው መካከል መትቶታል። ራሱን ያጠብኩት እኔ ነኝ። አጥንቱ ወደ ውስጥ ተሰርጉዶ ነበር፤ ውሃው ሦስቴ ተለውጦ ሦስቴም ቀላ። ጎረቤታችን በዚያው ተሰውሮ አኖ በምትባለው ከተማ አማቶቹ ዘንድ ገብቷል ተባለ። ያን ጊዜ ግቢያችን ውስጥ «ገደለው! ዝቶበት ነበር! ባይገድለው ለምን ሸሸ?» ብዬ መጀመሪያ የጮኽኩት እኔ ነኝ። ሕዝቡ ከእኔ ቀጥሎ ነው የጮኸው።

በሦስተኛው ቀን የጎረቤታችን ወገኖች የአገር ሽማግሌዎችን አስቀድመው መጡ። እርጥብ ሣር ይዘው ከአጥራችን ውጭ መሬት ላይ ተቀመጡ። የጉማ እርቅ መለመናቸው ነው። ደም የተፋሰሱ ሰዎች ጉማው ሳይፈጸም ከአንድ ሰሃን አይበሉም፣ ከአንድ ምንጭ አይቀዱም፤ እርቁ ሲወርድ ከብት ታርዶ ደሙ ይነካና አብረው ይበላሉ። ስንቱ ሰው በዚያ ሥርዓት ከሞት ተርፏል። አባቴ ግን ጌታን የተቀበለ ሰው ነው። ሰባኪዎቻችን ደም መንካቱን ከባዕድ አምልኮ ቆጥረው አስተዉን እንጂ ልጁ የተገደለበት ሰው በምትኩ ምን ማድረግ እንዳለበት አልነገሩንም። አባቴ እስከ አጥሩ ወጣና «ይህን ትተነዋል። እኔ የማደርገው መጽሐፉ የሚለኝን ነው» አላቸው። እርጥቡን ሣር እዚያው ጥለው ሄዱ።

አባቴ ማንበብ አይችልም። መጽሐፉ የሚለውን የሚሰማው በእኔ አፍ ነበር።

በሐዘኑ በሰባተኛው ቀን ወደ ወረቀቶቼ ተመለስኩ። ቅዝዝ ብዬ ገጽ እየገለጥኩ ሳለ አንድ ቦታ ደረስኩ። ሁለት ሰዎች እንጨት ሊቆርጡ ዱር ይገባሉ፤ ምሳሩ ሲሰነዘር ብረቱ ከእጀታው ይወልቅና ባልንጀራውን ይገድላል። እንግዲህ ይላል መጽሐፉ፣ ያ ሰው ወደ መማጸኛ ከተማ ሸሽቶ በሕይወት ይኑር፤ ደም ተበቃዩ ልቡ እየነደደ ደርሶበት እንዳይገድለው።

ቃል በቃል ገለበጥኩት። በመጽሐፉ ላይ ተናደድኩ፤ ልወረውረውም አነሣሁት። ይህ ቃል ከቆመ ነፍሰ ገዳይ የሚባል የለም። ነፍሰ ገዳይ ከሌለ ሰው ሁሉ ብረቱ ለምን ወለቀ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱን የማውቀው እኔ ነኝ። ወረቀቷን አጣጥፌ መቀነቴ ውስጥ ሸጎጥኳት።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ መጣና ከፊቴ ተቀመጠ። «ሜ ዱቢሲ፣ ኢንተላ ኮ» አለኝ። እስቲ አንብቢልኝ፣ ልጄ ማለቱ ነው። ሣጥኑን ከፍቼ በብረት መሣሪያ መትቶ ሰው የገደለ ነፍሰ ገዳይ ነው፣ ደም ተበቃዩም ባገኘው ጊዜ ይግደለው የሚለውን አነበብኩለት።

«ምሳር ብረት ነው» አለ አባቴ።

«ብረት ነው» አልኩት።

«ሌላ የቀረ አለ?»

«የለም፣ አባ።»

«ሁሉንም አንብበሽልኛል?»

«ሁሉንም።»

ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ተነሥቶ ያንኑ ምሳር ከተጣለበት አመጣው። አሮጌውን እጀታ ሰብሮ እሳት ውስጥ ጨመረውና ከወይራ አዲስ ይጠርብ ጀመር። ጎበዝ ጠራቢ ነው፤ ሙሉ ቀን ፈጀበት። ሽብልቁን በድንጋይ እየቀጠቀጠ ካስገባ በኋላ ባልዲ ውሃ ሞላና ምሳሩን ከተተው። እያየኝ ነበር የከተተው። እኔ ጠንቃቃነቱ መስሎኝ ፊቴን አዞርኩ። ባልዲው ቅዳሜ ጠዋት ባዶ ሆኖ እስካገኘው ድረስ በበሩ ባለፍኩ ቁጥር አየው ነበር።

ውሸቴን የሚይዙብኝ መምህሬ ብቻ ናቸው፤ ይህን እያወቅኩ ሣጥኔን ይዤ ወደ እሳቸው ሮጥኩ። ለምን እንደሮጥኩ አሁንም በደንብ አላውቅም። ወረቀቶቹን ዘረጋሁ። አንድ በአንድ አነበቡና «ሁሉም ይኸው ነው?» አሉኝ። የሸሸግኳትን ወረቀት ከመቀነቴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ቆመው አነበቧት፣ ደግመው አነበቧት፣ ከዚያም በጥፊ አጮሉኝ። አግዳሚው ላይ ተደፋሁ፤ አፌ ደም ደም አለኝ።

«አባትሽ የት ነው?»

«አኖ ሳይሄድ አይቀርም።»

እጄን ጎትተው አስነሡኝና እየሮጥን ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ወጣን። በቆሎ የጫነ መኪና አስቁመው ከጭነቱ ላይ ወጣን። መምህሬ ወረቀቷን ጨብጠዋታል፤ አባቴ ፊት ሊያነቧት ነበር። እኔ መኪናው ይፍጠን ብዬ እጸልያለሁ፣ በመሐል ደግሞ አይፍጠን እላለሁ። ይህንንም ልናገረው።

አኖ ስንደርስ ጩኸቱ ከመንገድ ይሰማ ነበር። ጎረቤታችን ከአማቶቹ ግቢ ውስጥ፣ አጥሩ ሥር ወድቋል። አባቴ ሦስት ጊዜ ነው የመታው፤ ሁለቱን አንገቱ ላይ፣ አንዱን ሊከላከል ባነሣው ክንዱ ላይ። ሚስቱ እጁን ከክንዱ ጋር ልታጋጥም ትታገላለች፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ደም ነው። ከብት ጠባቂ ውሻ ደሙን ሊልስ ሲመጣ አንዱ በእርግጫ መታው። አባቴ ከሬሳው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ምሳሩን ጭኑ ላይ አድርጓል። ሊይዘው የደፈረ ሰው አልነበረም፤ እሱም የመሸሽ ሐሳብ አልነበረውም።

እኔን ሲያይ ምሳሩን ከፍ አድርጎ አሳየኝ። «አልወለቀም» አለኝ።

መምህሬ ወረቀቷን እዚያው ቀደዷት። የተቀደደችውን ከመሬት ለቅሜ የያዝኩት እኔ ነኝ። በኋላ በሌላ ካርቶን ገለበጥኳት።

ችሎት ላይ ዳኛው በአማርኛ ጠየቁ፣ አስተርጓሚ ወደ ኦሮምኛ መለሰ። አባቴ ሰው አዞህ ነው ወይ ቢባል «ማንም አላዘዘኝም» አለ። መጽሐፍ ያነበበልህ ማን ነው ሲባልም ዝም አለ። የፈረዱበት የዕድሜ ልክ እስራት ነው። እኔ ከኋላው ቆሜ ነበር። መናገር እችል ነበር፤ አልተናገርኩም።

በየሳምንቱ ስንቅ አደርስለታለሁ። የነቀምቴ ወህኒ ቤት ግቢ ውስጥ ለጠያቂ የተከለለ ቦታ አለ፤ እዚያ እንቀመጣለን። «ሜ ዱቢሲ» ይለኛል፣ አነብለታለሁ። ሌላ ሌላውን። እንዲህ ብለን ሁለት ክረምት አሳለፍን። የሟቹ ሚስት ልጆቿን ይዛ ወደ ነቀምቴ ተመልሳ ገበያ ላይ ጨው ስትቸረችር ባየሁ ሳምንት ግን አልቻልኩም። ቅንጬ ሠርቼ ወሰድኩለትና ሰሃኑን ሳልከፍት ወረቀቷን ከመቀነቴ አወጣኋት።

«አባ፣ ይህቺን አላነበብኩልህም ነበር» አልኩት።

አነበብኩለት። ሁለቱን ሰዎች፣ ዱሩን፣ ምሳሩን፣ የወለቀውን ብረት። በሕይወት ይኑር እስከሚለው ድረስ። ቀና ብዬ ላየው ፈራሁ። ከዚያ ያልተጠየቅኩትንም ተናገርኩ። «ውሃ ውስጥ አልከተትኩትም። ከትቻለሁ ብዬ ዋሸሁት። ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ክተቺልኝ ሲልሽ በረት ውስጥ ሆኜ ሰምቻለሁ። ሬሳውን ያመጡ ዕለት እጀታውን አንሥቼ ዳሰስኩት። ክው ያለ ደረቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አስነበብከኝ?»

«የምታነቢልኝን ለማወቅ።»

«እያወቅክ ለምን ሄድክ ታዲያ?»

ጠባቂው ወዲያ ወዲህ ሲል አየውና እስኪርቅ ጠበቀ። «አንድ ልጅ ነው የቀረኝ» አለ። «አገሩ ሁሉ ደም እያለ ይጮሃል። ያንን ደም በማን ላይ ላደርገው ኖሯል?»

ጠላሁት። በዚያች ሰዓት ከማንም አብልጬ ጠላሁት፤ ጎረቤታችን ምንም አላጠፋም፣ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። እላዩ ላይ ጮኽኩበት፣ ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ጠባቂው መጥቶ በሰደፉ ትከሻዬን እስኪለኝ ድረስ ጮኽኩ።

አባቴ የሰሃኑን ክዳን ከፍቶ ቅንጬውን በመካከላችን አስቀመጠው። በአባቶቻችን ሥርዓት እኔና እሱ ከአንድ ሰሃን የማንበላ ሰዎች ነን፤ የልጁ ደም በመካከላችን አለ። እጄን ዘርጋ ማድረግ አቃተኝ። እሱ አንድ ጊዜ ጎረሰ፣ ሰሃኑንም ወደ እኔ ገፋው።

«ብይ» አለኝ።

በላሁ።