ሁለት አራሶች በአንድ ሶፋ

ይህ የሆነው አምና መስከረም ላይ፣ ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በሃያ ስድስተኛው ቀን ነው። አሁንም ሲደክመኝ፣ ያው ሁልጊዜ ማለት ነው፣ ትዝ ይለኛል።

የምኖረው ባሕር ማዶ፣ ኦቴሎ የሚባል ሰፈር ሲሆን፣ ከቤት ቤት እየዞርኩ አጸዳለሁ። አለቃ ስለሌለኝ የወሊድ ፈቃድ የሚሰጠኝም የለም። እናቴ መጥታ እንዳታርሰኝ ቪዛ ከለከሏት። የቤተ ክርስቲያናችን እህቶች አንድ ቅዳሜ ገንፎና ዳይፐር ይዘው መጡ፣ ጸለዩልኝና ሄዱ። እነሱም ሥራ አለባቸው፣ አልፈርድባቸውም። ባለቤቴ ኤርፖርት የሌሊት ፈረቃ ስለሚሠራ፣ ቀን ቀን ልጁን አቅፎ እያንጎላጀ ይውላል። ሶ ገና በሦስተኛው ሳምንት ሆዴን በነጠላ ጥፍር አድርጌ አሰርኩና ወጣሁ።

ቢከን ሂል የሚባል ሰፈር የማጸዳው አዲስ ቤት ያገኘችልኝ ጓደኛዬ፣ «አራስ ነኝ እንዳትዪ፤ ከሰሙ ሌላ ሰው ነው የሚቀጥሩት» ብላ አስጠንቅቃኛለች። እኔም ዝም አልኩ።

የቤቱ እመቤት ሊን የምትባል ቻይናዊት ናት፤ የኮምፒውተር ባለሙያ። እሷም ገና መውለዷ ነው። ቤቷ ውስጥ እንደ ኤሊ እየዞረ ወለል የሚጠርግ ማሽን አለ። ሕፃኑን ራሱ የሚያወዛውዝ አልጋ አለ። ሕፃኑ ስንት ደቂቃ እንደጠባ ስልኳ ይመዘግባል። ይህ ሁሉ እያለ አንቺ ለምን አስፈለግሽ ትሉኝ ይሆናል። ማሽኑ ሽንት ቤት አያጥብም።

ከቻይና ገጠር ሊያርሷት የመጡት አማቷ ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው። አራስ ወር ሙሉ ከቤት አትወጣም፣ ቀዝቃዛ ውሃ አትነካም፣ ፀጉሯን አትታጠብም፣ መስኮት አይከፈትም ይላሉ። ሊንን በዚያ ሁሉ ሙቀት ኮፍያና ካልሲ አልብሰው አስቀምጠዋታል። በየቀኑ የአሳማ እግር በዝንጅብል ሦስት ሰዓት ያህል ይቀቅላሉ፤ ወተት ያወርዳል ብለው።

ሊን ለእኔ ታማርራለች። «እኔ ያደግሁት ሻንጋይ ነው። ጓደኞቼ ሲወልዱ የሚገቡት ለአራስ ብቻ የተሠራ ሆቴል ነው። ነርስ አለው፣ ማሳጅ አለው። ይህንን ለአማቴ ብነግራቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹ሆቴል ደግሞ ሰው ያርሳል?›»

ከዚያ የቅቅሉን ጎድጓዳ ሳህን በጓሮ በር እንደሚወጣ ዕቃ ደብቃ ታቀብለኛለች። «ፕሊስ፣ ድፊልኝ።»

እደፋላታለሁ። የሰው ድካም ሽንት ቤት ውስጥ መድፋት ደስ አይልም። ግን እኔም ብሆን አሳማ በልቼ አላውቅም፤ ደግሞ ሥራውን እፈልገዋለሁ።

በዚያ ቀን ሳህኑን ይዤ ጎንበስ እንዳልኩ፣ የሊን ሕፃን ፎቅ ላይ ማልቀስ ጀመረ። እናት የሆነች ታውቀዋለች፤ ጡት የማን ልጅ እንደሆነ አይለይም። ወተቴ ወረደና ሸሚዜ ራሰ። ቀና ስል አማትየው በሩ ላይ ቆመዋል።

መጀመሪያ ሳህኑን አዩ። ቀጥለው ደረቴን አዩ። አለቀልኝ አልኩ። መጥተው እጃቸውን ሆዴ ላይ አደረጉና የነጠላዬን ቋጠሮ ዳሰሱት። ስልካቸውን አወጡ፣ አንድ ነገር ተናገሩበት፣ ስልኩም በእንግሊዝኛ «ስንት ቀንሽ ነው?» አለኝ።

ልዋሽ አሰብኩ። አቃተኝ። ሁለት ጊዜ አሥር ጣቴን፣ ከዚያ ስድስት ጣት አሳየኋቸው።

«ሊን! ሊን!» ብለው ጮኹ። ጣቴን አፌ ላይ አድርጌ ለመንኳቸው፤ ማን ሰምቶኝ! እጄን ይዘው ኩሽና ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፣ የራሳቸውን ሻርፕ ራሴ ላይ ጠመጠሙልኝ፣ ከድስቱ ሌላ ሳህን ሞልተው ፊቴ አስቀመጡ። የአሳማው እግር ጥፍሩ ሳይቀር ያየኛል። የመጀመሪያዋን ጉርሻ «ኢየሱስ!» ብዬ ዋጥኩ። ሁለተኛዋን ሳልጠራው።

ሊን ወረደች፤ አማቷ ሆዴን እያሳዩ በቋንቋቸው ነገሯት። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ትቀጥሪኝ ነበር?»

«ኖ» አለች። አልዋሸችኝም። «እዚህ ቤት ብትወድቂስ? ወደ ቤትሽ ሂጂ፣ ፕሊስ።»

ኮቴን አነሣሁ። ባቡር ላይ አለቀስኩ። ሥራው መቅረቱ ብቻ አይደለም። አንዴ ቁጭ ስል፣ ያ ሁሉ ቀን ያልተሰማኝ ድካም በአንድ ጊዜ ተሰማኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሊን ኮል አደረገችልኝ። «አማቴ ድስት አልጥድም ብለዋል። ‹ያሉኝ አራሶች ሁለት ናቸው፤ አንዷ ካልመጣች ለሌላዋም አላበስልም› አሉ። ገላገሉኝ ብዬ ነበር፤ ግን ከጠዋት ጀምሮ እያለቀሱ ነው። ልጅሽን ይዘሽ ነይ። ሥራ የለም፣ እንድትበዪ ነው።»

ሄድኩ። ሁለታችንም ኮፍያ አድርገን አንድ ሶፋ ላይ ተጋደምን፤ ኤሊው ማሽን ከእግራችን ሥር ይዞራል። ሊን እኔ እያየኋት መድፋት አፈረች መሰለኝ፣ ዐይኗን ጨፍና መረቁን ጠጣች። አማትየው ልጄን አቅፈው በቋንቋቸው ያዋሩታል። እኔ ተኛሁ። በሰው ቤት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አፌን ከፍቼ ተኛሁ።

የሄድኩት ሦስት ቀን ብቻ ነው። በአራተኛው ቀን ቡሪየን የሚባል ሰፈር ሌላ የማጸዳው ቤት ነበረብኝ። እሳቸውም ወሩ ሲሞላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሊን በኋላ ሥራውን መለሰችልኝ፤ ቤቷን አሁንም አጸዳለሁ፤ ስለዚያ ሳምንት ብዙም አናወራም። ወገቤ እስከ ዛሬ ያመኛል፤ ሦስት ቀን የወር ሥራ አይሠራም።

ግን ሴቶች ተሰብስበን ስንጫወት «ለሁለተኛው ማን አረሰሽ?» ሲሉኝ፣ «አንዲት ቻይናዊት እናት» እላለሁ። ይስቃሉ፤ የቀለድኩ ይመስላቸዋል። እውነቴን ነው። ስማቸውን እንኳ አስተካክዬ መጥራት አልችልም።