እግር ያለው ፊደል

በደርግ ጊዜ ጉለሌ ውስጥ መንገድ ላይ የተሰቀለ መፈክር ያነበበ ሰው የኔን እጅ ሳያይ አልቀረም። እጄ ጥሩ እንደሆነ ያኔም አውቅ ነበር፤ ዛሬም ለትሕትና ብዬ አልክድም።

የኔ ፊደል ወፍራም ነው። አናቱ ላይ ጠበብ ብሎ ይጀምርና ወደ ታች ሲወርድ እንደ ቀሚስ ጫፍ ይሰፋል፤ የ«በ» ሁለት እግሮች መሬት ረግጠው የቆሙ ይመስላሉ። ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ካለው ጽሑፍ እያየሁ የለመድኩት ነው። ለሱቅ፣ ለልብስ ሰፊ ቤት፣ ለዕድር ድንኳን ስጽፍበት ማንም ምነው ብሎኝ አያውቅም። ስለዚህ ቀበሌው ለአብዮት በዓል መፈክር ሲያዘኝ በዚያው ጻፍኩት፤ በቀይ ጨርቅ ላይ በነጭ ቀለም፣ «ምርትን በእጥፍ እናሳድጋለን!» ብዬ።

ጨርቁን በሁለት የመብራት ምሰሶዎች መሃል ወጥረን የቀበሌው ሊቀመንበር ቆሞ ሲያየው፣ እናቱ ቁስቋምን ተሳልመው ሲመለሱ ደረሱ። ማንበብ አያውቁም። ቀና ብለው ፊደሉን አዩ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ አማተቡና ምሰሶውን ሳሙት። ለማርያም ክብር የተሰቀለ መስሏቸው ነው።

ከኋላችን የቆመ ሰው ሳቁ አመለጠው። የሊቀመንበሩ ፊት ተለዋወጠ።

«አንቺ፣ መፈክር ነው የጻፍሽው ወይስ ድርሳን?»

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ እስር ቤት ድረስ ሊወስድ እንደሚችል የማያውቅ አልነበረም። በፊደሌ ግን አላፈርኩም።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ከሩቅ እንዲነበብ ነው ያወፈርኩት» አልኩ።

እናትየው ወደኔ ዞሩ። «ምን ይላል፣ ልጄ?»

«እህል ይብዛ ነው የሚለው፣ እማማ።»

«ታዲያ አሜን ነዋ!» አሉና ምሰሶውን ደግመው ሳሙት።

እኔን ቢያስር መፈክሩን እንደ ጸሎት የተሳለሙትን የእናቱን ስም ማንሳቱ ነው። «አውርጂውና ቀጥ ባለ ፊደል ጻፊው» ብሎኝ ሄደ። እያረርኩ ጻፍኩት፤ እግር የሌለው፣ እንደ አጥር እንጨት የተደረደረ ፊደል። በዓሉ እስኪያልፍ በዚያ በኩል ማለፍ ተውኩ። ከዚያ ወዲያ ለቀበሌው የጻፍኩት ሁሉ እንደዚያው ደረቅ ነበር፤ በጣም ይቆጨኝ ነበር።

ከዓመታት በኋላ፣ ደርግ ገና ሳይወድቅ፣ ያው ሊቀመንበር በጠራራ ፀሐይ ቤቴ መጣ። እናቱን ከቀበረ ሳምንት አልሞላውም። በጋዜጣ የተጠቀለለ የእንጨት መስቀል በብብቱ ይዟል። ለመቃብራቸው ነበር።

ስማቸውን ነገረኝ። ብሩሼን አነሳሁና «በየትኛው ፊደል ልጻፈው?» አልኩት። መልሱ ጠፍቶኝ ሳይሆን ከአፉ ልስማው ብዬ ነው።

መስቀሉን ከጋዜጣው አውጥቶ ፊቴ አስቀመጠ።

«እማዬ በሳመችው» አለኝ።

እግሩን አስፍቼ ጻፍኩላቸው።