ያፏጭብኛል

አማርኛን በቅጡ የማያውቅ ሰው አስተርጓሚ ሆኖ ሲቀመጥ ምን ዓይነት ጉድ እንደሚያፈላ ያየሁት በገዛ አባቴ ላይ ነው። አስተርጓሚው ደግሞ ባዕድ አይደለም፤ ታናሽ ወንድሜ ነው። ይሄው ስንት ጊዜ ሆነው፣ ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ነገሩ የተጀመረው ከመኪናዬ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ወንድሜ ከሕንፃችን ሥር ቆሞ ጠበቀኝና በመስኮቶቹ ላይ ጥቁር ፕላስቲክ ለጠፈልኝ። ከመስኮቱ በላይ እንደ ቅንድብ የሚጣበቅ ነገር ነው፤ ዝናብ ሳይገባ መስኮቱን ከፈት አድርጎ ለመሄድ ይረዳል ይባላል። በኢንተርኔት ነው ያዘዘው። «መኮሪ ነው?» አልኩት። መኮሪ በዕብራይስጥ የምንለው ፋብሪካው ራሱ የሠራውን ዕቃ ነው። «ታሕሊፊ ነው፤ ምን ልዩነት አለው? ያው ነው» አለኝ። ታሕሊፊ ማለት ሌላ ሰው አስመስሎ የሠራው ማለት ነው። ቦታውን በእጅጌው ጠረግ ጠረግ አድርጎ ለጠፈው። አላጠበው፣ አልወለወለው። እኔም ወንድም ይኑር ብዬ መርቄ ሸኘሁት።

አባቴ ከእኔ ሕንፃ ጎን ባለው ሕንፃ ብቻቸውን ይኖራሉ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቀናቸው የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ የወንድሜን ትንሽ ልጅ ከጋን መመለስ። ጋን እዚህ አገር የሕፃናት መዋያ ነው። አባቴ መጀመሪያ የሰሙ ጊዜ «ልጅን ጋን ውስጥ ይከታሉ?» እያሉ ሲስቁ ከረሙ። ኋላ ደግሞ ኮታቸውን ለብሰው ሲወጡ «ጋን በጠጠር ይደገፋል» ማለት አመጡ። ጋኑ እሳቸው፣ ጠጠሯ ልጅቷ መሆኗ ነው። መውጫዋ ገና ብዙ ሲቀረው ተላጭተው፣ ጫማቸውን ወልውለው በር በሩን ያያሉ። ወንድሜና ሚስቱ የሚኖሩት አዲሱ ሰፈር ካርሜ ጋት ነው፤ ሁለቱም በባቡር ሩቅ ሄደው ይሠራሉ፤ ስለዚህ ልጅቷን ሆን ብለው እዚሁ እኛ ሰፈር አስገቧት። ለእነሱ ጥቅም ነበር። ለአባቴ ግን ሰው ሆኖ መዋል ነበር።

እኔ ከሥራ በማርፍበት ቀን አባቴን ወደ አሽቀሎን ከተማ እወስዳቸዋለሁ፤ እህታቸው እዚያ ታማ ተኝታለች። ፕላስቲኩ ከተለጠፈ ጥቂት ቆይቶ፣ ከከተማ ወጥተን መኪናው ፈጠን ሲል አባቴ «ያፏጫል» አሉ።

«ማን ነው የሚያፏጨው አባባ?»

«እኔ እንጃ። ስሚው።»

ራዲዮኑን ዘጋሁና ጆሮዬን አቀናሁ። ምንም የለም። «አሁን ተወ» አሉ አባቴ። እንደገና ራዲዮ፣ እንደገና ፍጥነት፣ እንደገና «ያፏጫል»። ጆሮዬን ሳቀና እንደገና ዝም። እንዲህ እየተባባልን አሽቀሎን ገባን። ለካ እኔ ለመስማት ስል እግሬን ከነዳጁ አነሳለሁ፤ መኪናው ሲቀዘቅዝ እሱም ዝም ይላል። ይሄ የገባኝ ግን ብዙ ከተንገላታን በኋላ ነው።

አባቴ ፉጨት አይወዱም። በእኛ አገር፣ በጎንደር ገጠር፣ መሸትሸት ሲል ማፏጨት ነውር ነው፤ ሰይጣን ይጠራል ይባላል። ስንመለስ ፀሐይ ስትጠልቅ ከሆነ ፊታቸው ይከፋል፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ይጭናሉ። «አባባ፣ ነፋስ ነው» እላቸዋለሁ። «ነፋስማ አውቃለሁ። ነፋስ ያጉራራል፤ ይሄ ያፏጫል» ይሉኛል። እስቲ አሁን እንዲህ ለይቶ የሚናገር ሰው አእምሮው ምን ሆነ ይባላል?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብዬ መኪናውን ወደ ኢንዱስትሪው ቀጠና ወሰድኩት፤ አንድ ጋራዥ አለ። ለሰውየው ድምፅ አለ አልኩት፤ በዕብራይስጥ ራዓሽ ነው የሚባለው። መስኮቱን ግጥም አድርጎ ዘጋ፣ የመኪናውን ማቀዝቀዣ እስከ መጨረሻው ለቀቀ፣ ጋራዡን አንዴ ዞሮ ተመለሰ። «ምንም የለም። ማን ነው የሰማው?» አለኝ። አባቴ ናቸው አልኩት። ዕድሜያቸውን ጠየቀኝ። ነገርኩት። በጣቱ ጆሮ ግንዱን መታ መታ አደረገና «ታዲያ ራዓሽ አይደለም፤ ሮሽ ነው» አለ። ሮሽ ራስ ነው። ድምፁ ያለው በሽማግሌው ራስ ውስጥ ነው ማለቱ ነው። አጠገቡ የነበሩትም ሳቁ። እኔ በዕብራይስጥ የምችለውን ያህል ነገርኩት፤ ዕብራይስጤ ሲያልቅ በአማርኛ ጨረስኩለት። አልገባውም፤ ግን መሰደቡን አውቋል።

ከዚያ ራሴ ጀመርኩ። የጓዳ ዕቃ እንደሚፈተሽ መኪናውን ፈተሽኩት። ከፊት ያለውን መሳቢያ አራገፍኩ፣ የወንበሩን ቀበቶ ጨርቅ ጠመጠምኩበት፣ መስተዋቱን አጠበቅሁ፣ የበሩን ላስቲክ ዘይት ቀባሁ። አባቴም በየጉዞው እጃቸውን እዚህም እዚያም እየጫኑ ይረዱኛል። «እዚህ አይደለም። እዚህም አይደለም።» ያፏጫል፤ ይተዋል፤ ያፏጫል። እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ በጆሮዬ አልሰማሁትም፤ ያም ሆኖ አባቴ ዋሹ ወይም ቃዡ ብዬ አላውቅም።

በዚህ መሃል የአባቴ የደም ግፊት ቀጠሮ ደረሰ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ወንድሜ ወሰዳቸው። ወንድሜ ጡት ሳይጥል ወደዚህ አገር የመጣ ልጅ ነው። ዕብራይስጡ ውሃ ነው፤ አማርኛው ግን «ብሉ፣ ጠጡ፣ እንዴት አደሩ» ላይ ቆሟል። ሐኪሟ ስለ እንቅልፋቸው ጠየቀች፣ ስለ ጆሯቸው ጠየቀች። አባቴ መለሱ፦ «ጆሮዬስ ደህና ነው። መኪና ውስጥ ግን ያፏጭብኛል።»

አማርኛ ለሚያውቅ ይሄ ምን ይወጣዋል? በሩም እሱ ነው፣ መኪናውም እሱ ነው፣ ነፋሱም እሱ ነው። ጣራው ያፈስብኛል እንላለን፣ ወጡ ያርርብኛል እንላለን፤ ጣራው ቂም ይዞብን አይደለም። ወንድሜ ግን ቃል በቃል ገለበጠው። «መኪና ውስጥ አንድ ሰውዬ እያፏጨ ያስቸግረዋል» አላት።

የሐኪሟ ጣቶች ኮምፒውተሩ ላይ ቆሙ አሉ። ማን ነው እሱ? አለች። ወንድሜ ጠየቀ፤ አባቴም «እኔ ምኑን አውቄ፣ አይታይ» አሉ። ሰውዬው አይታየኝም ይላል ተብሎ ተተረጎመ። ያናግርሃል? አለች። አባቴ ቀልድ መሰላቸው። ሳቅ ብለው «እስካሁንስ አልተናገረም» አሉ። እሱም ሳቁ ተነጥሎ ቃሉ ብቻ ተተረጎመ። ሐኪሟ ምርመራ እስኪደረግላቸው ድረስ ከትንሽ ልጅ ጋር ብቻቸውን ባይሆኑ ይሻላል አለች።

የአባቴን ቃል ኋላ ከራሳቸው ሰማሁ፤ የቀረውን ግን ወንድሜ ማታ ቤቴ መጥቶ፣ ሐዘንተኛ ፊት አድርጎ በዕብራይስጥ ነገረኝ። «አባባ አረጀ። ድምፅ ይሰማል። መቀበል አለብን» አለኝ። ሚስቱም ከሥራ ቀድማ እየወጣች ልጅቷን ልትወስድ ተስማምታለች።

«አባባ የሚሰሙት መኪናውን ነው» አልኩት።

«አንቺ ሰምተሻል?»

«አልሰማሁም።»

«ጋራዡስ?»

«እሱም አልሰማም።»

እጆቹን ዘረጋ፤ በቃ፣ ምን ቀረ ማለቱ ነው። ሁለት ሰው ስላልሰማ የሦስተኛው ጆሮ ሐሰት ሆነ። ያን ቀን ወንድሜን ከቤቴ አስወጣሁት። ውጣልኝ ነው ያልኩት፤ ደግሞም አልጸጸትም።

በማግስቱ ለአባቴ የነገራቸው የለም። እኔ ከሥራ ወጥቼ ስደርስ ኮታቸውን እንደለበሱ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ደርሰው ተመልሰው ነው። ምራታቸው በሩ ላይ አግኝታቸው «ዛሬ እኔ እወስዳታለሁ» ብላ፣ ልጅቷን ይዛ ሄዳለች። «ልጅቷ ታማለች እንዴ?» አሉኝ። አልታመመችም አልኩ። «እኔ አጥፍቻለሁ?» አላጠፉም አልኩ። ከዚያ ነገርኳቸው፤ ሐኪሟ ጆሮዎትን እስኪያዩልዎት ድረስ ብላለች አልኩ። «ለጆሮ ብለው ነው ልጅ የሚከለክሉኝ?» አሉ። ኮቱን ከትከሻቸው ተቀበልኳቸውና ሰቀልኩት።

ከዚያ በኋላ ነው ቀድሞ መጠየቅ የነበረበትን የጠየቅኋቸው። «አባባ፣ መኪና ውስጥ ሲሆኑ እንዴት ነው የሚቀመጡት? ያሳዩኝ።» ወርደን መኪናው ውስጥ ገባን። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው አደረጉ። የማቀዝቀዣውን ቀዳዳ ዘጉ፤ ብርዱ አጥንቴን ይበላኛል ይላሉ። ከዚያ መስኮቱን አንድ ጣት ያህል ዝቅ አደረጉና ግንባራቸውን ወደ ክፍተቱ አስጠጉ። መኪና ያጥወለውላቸዋል፤ ንፋስ ካላገኙ አይሆንላቸውም። እዚያ ወንበር ላይ እንደዚያ የሚቀመጥ ሌላ ሰው የለም። ጋራዡም መስኮቱን ዘግቶ ነው የነዳው።

ለወንድሜ ደወልኩ። ጊዜ የለኝም አለ። ካልመጣህ ሚስትህና ልጅህ ባሉበት፣ የቢሮህ ሰዎችም ባሉበት እመጣለሁ አልኩት። መጣ። እሱ ነዳ፤ እኔ በአባቴ ወንበር፣ የአባቴን ጋቢ ለብሼ፣ መስኮቱን አንድ ጣት ከፍቼ ተቀመጥኩ። «አበድሽ» አለኝ። «ንዳ፤ እግርህን እንዳታነሳ» አልኩት። ካርሜ ጋትን ወደ ኋላ ትተን የአሽቀሎን መንገድ ሲዘረጋ መኪናው ፈጠነ። መጀመሪያ ነፋስ ብቻ ነበር። ከዚያ ጆሮዬ ሥር፣ ሰው በጥርሱ መሃል እንደሚያፏጨው፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ የማያባራ ፉጨት ጀመረ።

ወንድሜ እጁን ወደ ራዲዮኑ ሰደደ። ራዲዮኑ ጠፍቷል። እኔ መስኮቱን ዘጋሁ፤ ተወ። ከፈትኩ፤ አፏጨ። ከመስኮቱ በላይ ያለውን ጥቁር ፕላስቲክ በጣቴ ጫን አልኩት፤ ተወ። ለቀቅሁት፤ አፏጨ። ጫፉ ላይ ሙጫው ተላቆ ነፋስ እየገባበት ነው። ታሕሊፊ፣ ያው ነው የተባለለት፣ በእጅጌ ተጠርጎ የተለጠፈው።

«ማን ነው የሚያፏጨው?» አልኩት።

ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም።

«ያናግርሃል?»

«በቃ፣ ተይኝ» አለ። ዳር ያዘና ወርዶ ፕላስቲኩን ገንጥሎ ጣለው። ሲመለስ ሳቅ ለማለት ሞከረ፤ «ለካ ምንም አይደለም» አለ። ምንም አይደለም! የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው። ራሱ የለጠፈው ዕቃ ሲያፏጭ የአባቱ ጭንቅላት ተመረመረ፤ አሁን ምንም አይደለም ይለኛል። እስክንመለስ ድረስ አፌን አልዘጋሁም።

ለአባቴ ስነግራቸው አልተደነቁም። «ታዲያ እኔ ምን አልኩ? ያፏጫል ነው ያልኩት» አሉ። ሐኪሟ ዘንድም ራሴ ይዣቸው ሄድኩ፤ በአማርኛ ዕቃው ሁሉ እሱ እንደሚባል አስረዳኋት። «ታዲያ ማንም አልነገረኝም እኮ» አለች። አባቴን ቀጥታ ለመጠየቅ ያሰበ አልነበረም፤ ይሄንንም ነገርኳት። ፊቷ ቀላ፤ የጻፈችውን አጠፋች፤ ደህና ናቸው አለች። ወንድሜም ቅዳሜ መጥቶ የአባቴን ጉልበት ስሞ ይቅርታ ጠየቀ። አባቴ መረቁት። እሳቸው እንዲያ ናቸው፤ እኔ እንዲያ አይደለሁም።

እሑድ፣ እዚህ አገር የሥራ ቀን ነውና፣ ወደ ጋኑ አብሬያቸው ሄድኩ። ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ጫማቸው ያብረቀርቃል። በሩ አልተከፈተም ነበርና ከአጥሩ ውጪ ከሌሎቹ ወላጆች ኋላ ቆምን። ልጅቷ በአጥሩ ቀዳዳ አየችንና ጮክ ብላ ጠራች፦ «ሳባ!» አያቴ ማለቷ ነው። ሰፈር የሚሰማው ድምፅ ነው፤ እናቶች እንኳ ዞር አሉ።

አባቴ አልዞሩም። ልጅቷ ደገመች። አንገታቸውን ቀስ አድርገው ወደ እኔ መለሱና ፊቴን አዩ፤ የሰሙትን እኔም ሰምቼ እንደሆን ነው የሚያዩት።

«እየጠራችዎት ነው አባባ» አልኳቸው።

«አቤት» ያሉት ከዚያ በኋላ ነው።