ቢጫ ጓንትና የተነፋ አፈር

ባለፈው ሳምንት ዝናቡ ሲያባራ ጓሮ ወጥቼ የጎመኑን መደብ ሳይ፣ የአዲሶቹ ጎረቤቶቻችን ውሻ በአጥሩ ክፍተት አፍንጫውን አሾልኮ መዳፌን ላሰኝ። እጄን አልሰበሰብኩም። ትንሿ ልጄ በኩሽናው መስኮት አይታኝ፣ "ማሚ! ዲድ ሂ ባይት ዩ?" ብላ ጮኸች። አማርኛ ትሰማለች፤ ስትደነግጥ ግን በእንግሊዝኛ ነው የምትደነግጠው።

"አልነከሰኝም፤ ሰላም ሊለኝ ነው" አልኳት።

ከዚያ ወደ ውጪው ቧንቧ ሄድኩ። ከቧንቧው ሥር ክዳን ያለው ጣሳ አለ። ከፍቼ አንድ እፍኝ አፈር አወጣሁ፣ እጄን በአፈሩ አሸሁ፣ ደጋግሜም በውሃ ታጠብኩ። ልጄ ጣሳውን እዚያ ቦታ ስታየው ነው ያደገችው፤ ያን ቀን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ምን እንደሚሠራ ጠየቀችኝ። ለእሷ በአጭሩ ነገርኳት። እዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ኦክላንድ ውስጥ፣ ከፍሩትቬል ባቡር ጣቢያ ሽቅብ በሚወጣው መንገድ ላይ፣ ከአክስቴ ከሀሊማና ከልጃቸው ከጀማል ጋር እኖር ነበር። ያሳደጉኝ አክስቴ ናቸው፤ ከካርቱም በስደተኛነት አብረን ነው የመጣነው። እሳቸው አንድ ሆቴል ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ይሠራሉ፣ ጀማል ታክሲ ይነዳል። እኔ አገር ቤት፣ ሐይቅ ከተማ ከስድስተኛ ክፍል ትምህርት ያቆምኩ፣ እንግሊዝኛዬ ከ"የስ" እና ከ"ኖ" ብዙም ያልራቀ፣ የማላውቀው ሰው ሲያናግረኝ አንገቴን የምደፋ ልጅ ነበርኩ። ባለሱቁ አንድ ነገር ከጠየቀኝ የያዝኩትን ዳቦ መልሼ አስቀምጬ እወጣለሁ። ጀማል፣ "ይቺ ልጅ እኮ ስልክ ሲጮህም ሻሿን ታስተካክላለች" እያለ ይስቅብኛል።

ስሮጥ ግን ማንም አያናግረኝም። ሩጫን መጀመሪያ የወደድኩት ለዚህ ይመስለኛል። ተማሪ ሳለሁ በክፍሎች ውድድር ወንዶቹን ሁሉ ጥዬ ስገባ አስተማሪያችን የሚያጨበጭቡትን ጭብጨባ እወደው ነበር፤ ከጭብጨባው በኋላ ግን ስሜን ሲጠሩ እደበቃለሁ። ኦክላንድም ጠዋት ጠዋት፣ ጭጋጉ ከባሕሩ በኩል ገና ሳይነሳ፣ ወደ ኮረብታው እሮጣለሁ። ከላይ ባሕር ዛፍ አለ። ጭጋግ ሲነካው ሽታው ይበረታል፤ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ሳንባ ድረስ የሚወርድ ዓይነት ነው።

አንድ ቀን ጀማል ከተሳፋሪ ሰምቶ መጣ። ጥቅምት ላይ ሳን ሆዜ ውስጥ የግማሽ ማራቶን ሩጫ አለ። "ላስመዝግብሽ?" አለኝ። በእሺታ አንገቴን ነቀነቅኩ። አክስቴ አልተቃወሙም፤ ግን ሩጫ እንጀራ እንደማይሆን ደጋግመው ይነግሩኝ ነበር። እሳቸው የሚሠሩበት ሆቴል ሰው ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ቆሞ አንሶላ ማጠፍ ነው። ከዚያ ሥራ በኋላ ለሩጫ የሚተርፍ እግር እንደማይኖር የሳቸውን እግር አይቼ አውቃለሁ።

ያን ሰሞን ነው አንድ ውሻ የተከተለኝ። ከእኛ መንገድ ላይኛው ጫፍ ሚስ ዶሎረስ የሚባሉ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ጥቁር አሜሪካዊት ነበሩ። ጥቁር ሆኖ ሽበት የመሰለ ነጠብጣብ ያለበት ውሻቸው አጥሩን ዘሎ ከኋላዬ መጣ። እኔ ባደግኩበት አገር ከሚሮጥ ሰው ኋላ የሚሮጥ ውሻ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሮጬ አላውቅም። እሱ ግን አይጮህም፣ አይነክስም፤ ጎኔ ላይ ሆኖ ምላሱን አውጥቶ ይሮጣል። ትንፋሼ ሲያልቅ የቀረኝን አደረግኩ፤ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ አልኩ። እኛ አገር ይሄን ያየ ውሻ ሁሉ ጅራቱን ቆልፎ ይፈረጥጣል። ይሄኛው ዓይኑ በራ። የፊት እግሮቹን ዘርግቶ፣ ጅራቱን እየቆላ፣ "ወርውሪልኝ እንጂ!" ብሎ ጠበቀኝ።

ሚስ ዶሎረስ ምርኩዛቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው እስኪያነቡ ሳቁ። ያሉትን ለመረዳት ጀማልን መጥራት ነበረብኝ። ዳሌያቸውን ስለሚያማቸው ውሻውን ማንሸራሸር አቅቷቸዋል፤ ስሙ ፔፐር ነው፤ በየቀኑ ይዤው ብሮጥ ይከፍሉኛል። እንዲህ ሆኖ ጀመርኩት። እሳቸው ለጎረቤት ነገሩ፣ ጎረቤት ለጎረቤት፣ ብዙም ሳይቆይ ጠዋት ሦስት፣ ከሰዓት ሌሎች ሁለት ውሾች ያዝኩ። በር ማንኳኳት ነበረብኝና አንኳኳሁ። ሰዎቹ ከእኔ ጋር ብዙ አያወሩም፤ የሚያወሩት ከውሻቸው ጋር ነው። ይሄ በጣም ተስማማኝ።

ለውሾቹ እኔ የማወራው በአማርኛ ነበር፤ "ና"፣ "ቁም"፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ "ቀስ!" ብዙም ሳይቆዩ ተማሩት። እጄ ላይ እስከ ክርኔ የሚደርስ የሳህን ማጠቢያ ቢጫ የላስቲክ ጓንት አደርጋለሁ፣ ከላይ የዝናብ ካፖርት። ሰዎቹ የሥራ ልብስ መስሏቸው ነበር። እንዲያውም አንዷ ሴትዮ ማሰሪያው ከእጅ እንዳያመልጥ ይረዳል ብላ ለራሷም ገዛች። እኔ ያደረግኩት ግን ለሌላ ነገር ነው። በእኛ በሙስሊሞቹ ዘንድ የውሻ ምራቅ ነጃሳ፣ ርኩስ ነው። የነካው ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ ከሰባቱም አንዱ በአፈር ነው። ሳይታጠቡ አይሰገድም።

ነገሩን ለአክስቴ እንዴት እንደምነግራቸው ሳወጣ ሳወርድ ጀማል እራት ላይ አፈነዳው።

"እማ፣ ይቺ ልጅ ቢዝነስ ከፈተች! የውሻ ታክሲ። እኔ ሰው እጭናለሁ፣ እሷ ውሻ።"

አክስቴ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። "የምን ውሻ?"

"የጎረቤት ነው፣ አክስቴ። አብሬያቸው እሮጣለሁ።"

"ይልሱሻል?"

"ጓንት አደርጋለሁ።"

"ጓንት! ሶላትሽስ?"

"ታጥቤ ነው የምሰግደው።"

አክስቴ ሲቆጡ ድምፃቸው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። "ስሚኝ፣ ልጄ። መሮጥ እንደምትወጂ አውቃለሁ። ሩጪ። ከውሻ ጋር የሮጥሽበት ልብስ ግን ከጓሮው በር አያልፍም። ውሻ ደግሞ ግቢዬን የረገጠ ቀን ነገሩ አበቃ፤ በማግስቱ ከእኔ ጋር ሆቴል ትገቢያለሽ። ተግባባን?"

"ተግባባን።"

በማግስቱ ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት በኋላ የጓሮውን በር ስከፍት አክስቴ ሎሚው ዛፍ ሥር ቁጢጥ ብለዋል። በዱቄት ወንፊት አፈር እየነፉ ወደ ባልዲ ያስገባሉ። ቀና ብለው እንኳን አላዩኝም።

"ጠጠሩ እጅሽን እንዳይልጠው ነው" አሉኝ።

ያ ወንፊት ከዚያ ወዲያ ወደ ኩሽና አልተመለሰም።

በጋውን ሁሉ እንዲህ ሮጥኩ። ጠዋት ጭጋግ፣ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ አስፋልቱ የሚያቃጥል ፀሐይ። ስመለስ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ከምትሸጥ ሜክሲኳዊት ሎሚ የተጨመቀበት፣ በርበሬ የተነሰነሰበት ማንጎ እገዛለሁ። መጀመሪያ በጣቴ እያሳየሁ ነበር፤ በኋላ ላይ በአፌ ጠየቅኩ። የእኔ አፍ የተፈታው ውሻ ስጠራ ነው መሰለኝ። ሰው መሀል፣ መንገድ ላይ "ቀስ በል!" ብሎ የጮኸ ሰው ማንጎ ለመጠየቅ አይፈራም።

ሩጫው እሑድ ሊሆን ዐርብ ቀን ፔፐርን ልወስድ ስሄድ ሚስ ዶሎረስ ሻንጣቸውን አጠገባቸው አድርገው ተቀምጠዋል። ለዳሌያቸው ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ሊገቡ ነው፤ ወረፋቸው ድንገት ደርሷል። እህታቸው ከሌላ ግዛት የምትመጣው ሰኞ ነው። የውሻውን ማሰሪያ መዳፌ ላይ አስቀምጠው ጣቶቼን በሁለት እጃቸው ጭብጥ አድርገው ዘጉት። "ኖ" ከማውቃቸው ቃላት አንዱ ነው፤ አፌ ግን አላወጣውም።

ከግቢያችን በር ውጪ፣ የእግረኛው መንገድ ላይ ውሻውን ይዤ ቆምኩ። የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ማካፋት ጀመረ። አክስቴ ከአውቶቡስ ወርደው ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ሲመጡ አይተውን ቆሙ። እሳቸው ሳይቀድሙኝ ተናግሬ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ቀደምኳቸው።

"አክስቴ፣ ሚስ ዶሎረስ ሆስፒታል ገቡ። ሰው የላቸውም። አደራ ብለው ሰጡኝ። ግቢዎን አልረገጠም። ሆቴል ግቢ ካሉኝ ሰኞ እገባለሁ፤ ሩጫውም ይቅር። ብቻ ለእሱ ማደሪያ ይስጡት።"

"አደራ ነው ያለችሽ?"

"እጄን በሁለት እጃቸው ዘግተው ነው የሰጡኝ።"

ዝናቡ በረታ። ፔፐር አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ያያል። በመጨረሻ አክስቴ ወደ ጋራዡ ተመለከቱና፣ "ጋራዡ ጠባቂ የለውም" አሉ። "ለጥበቃ የሚቀመጥ ውሻ ይፈቀዳል።"

ጀማል ማታ ሲመጣ፣ "ምኑን ነው የሚጠብቀው? የተበላሸውን ማጠቢያ ማሽን?" አለ።

"ዝም በል! ማሽኑ ይጠገናል።"

ከራት በኋላ አክስቴን ጋራዡ በር ላይ አገኘኋቸው። ሥጋ የበዛበት ሩዝ በአሮጌ ሳህን ይዘው፣ በሩቁ በመጥረጊያ እንጨት ወደ ውሻው ይገፉለታል። ስሙን ጠየቁኝ፤ ትርጉሙንም ነገርኳቸው። ነጠብጣቡን አዩና፣ "ቁንዶ በርበሬ ነዋ" አሉ። ከዚያ ወዲያ ቁንዶ ሆነ።

እሑድ ጠዋት ቁንዶ ብቻውን ሲሆን እንደሚያላዝን አውቄያለሁና አልሄድም ብዬ ተቀመጥኩ። አክስቴ ከጓዳ ወጡ። ነጭ ሻርፓቸውን ተከናንበዋል፤ እጃቸው ላይ የእኔ ቢጫ ጓንት አለ።

"ጫማሽን እሰሪ።"

"እሱስ?"

"አደራውን ያስገባሽው እኔ ቤት አይደል? የእኔም አደራ ነው። አብሮን ይሄዳል። ዛሬ አልገባም ብዬ ለሥራ ኮል አድርጌያለሁ።"

"አሞኛል አልሽ?" አለ ጀማል።

"ምን ያዋሸኛል? ውሻ እጠብቃለሁ ነው ያልኩት።"

በታክሲው የኋላ ወንበር ላይ የሻወር መጋረጃ ተነጠፈ። እኔና ቁንዶ ከኋላ፣ አክስቴ ከፊት ሆነን ሳን ሆዜ ገባን። "እኔ ከዚህ መኪና አልወርድም" አሉ መንገዱን ሙሉ።

የሳን ሆዜ መንገድ ሜዳ ነው። ኮረብታ የለመደ እግሬ መጀመሪያ ላይ በረረ። ከግማሽ በኋላ ፀሐዩ ከረረ፣ ጥላ ያለው የዛፍ መስመር አለቀ፣ ጭኖቼ እንጨት ሆኑ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ እጄ ባዶ መሆኑ ነው። የሚጎትተኝም የምጎትተውም የለም። ሰዎች አንድ በአንድ አለፉኝ። ይሄ የመጨረሻ ሩጫዬ ከሆነ በእግሬ እየተራመድኩ ልጨርሰው ነው ብዬ አሰብኩ።

ያኔ ነው አንድ ጥግ ስታጠፍ ያየኋቸው። አክስቴ ከመኪናው ወርደው መንገዱ ዳር ቆመዋል፤ ውሻው ቀሚሳቸውን እንዳይነካ ቢጫውን ክንዳቸውን የቻሉትን ያህል ዘርግተዋል። ቁንዶ አየኝና ተፈናጠረ። ማሰሪያውን አልለቀቁም። አደራ ነው፤ እንዴት ይለቁታል? እናም አክስቴ ሮጡ። ሻርፓቸው ትከሻቸው ላይ ወድቆ፣ ቀሚሳቸውን በአንድ እጃቸው ሰብስበው፣ "ቀስ! ቁንዶ፣ ኧረ ቀስ በል! ያ አላህ!" እያሉ በእግረኛው መንገድ ላይ ከጎኔ ሮጡ። ከኋላቸው ጀማል ሆዱን ይዞ ይስቃል። እኔም ሳቅኩ፤ ሰው መሀል፣ ጮክ ብዬ፣ እየሮጥኩ። እሳቸው ትንፋሽ አጥሯቸው ሲቆሙ እንኳን፣ "ሂጂ! አንቺ አትቁሚ!" ይሉኝ ነበር። እኔም አልቆምኩም።

ስንተኛ እንደወጣሁ ማንም አልጠየቀኝም፤ ከፊትም ከኋላም ብዙ ሰው ነበር። ስፈልጋቸው አክስቴ መናፈሻው ቧንቧ ጋ ቁጢጥ ብለው አገኘኋቸው። ከቦርሳቸው በፌስታል የቋጠሩትን የተነፋ አፈር አውጥተው እጃቸውን ያሻሉ። ሜዳልያ ያጠለቀች ሯጭ ደንግጣ፣ "ኢዝ ሺ ኦኬይ?" አለችኝ።

አንገቴን አልደፋሁም። "ሺ ኢዝ ኦኬይ" አልኳት። "ሺ ራን ቱ።"

ሰኞ ጠዋት ለሆቴል ለባብሼ ተቀመጥኩ፤ ቃል ቃል ነው። ስጠብቅ ስጠብቅ አክስቴ ብቻቸውን ወደ አውቶቡሱ ሄደዋል። የጓሮውን በር ስከፍት ባልዲው እስከ አፉ በአዲስ አፈር ተሞልቷል፤ ቢጫው ጓንት ታጥቦ ከላዩ ተዘርግቷል።

ከዚያ በኋላ የመጀመሪያ ልጄን እስክወልድ ድረስ ከውሾች ጋር ሮጥኩ። ሚስ ዶሎረስ ድነው ተመለሱ፤ ቁንዶን ቁልቁለት ላይ "ቀስ!" ሲሉት በሩቅ እሰማ ነበር። አሁን ሁለቱም የሉም። አክስቴም የሉም። እኔ ግን እዚህ ሳን ሆዜ፣ እሳቸው ከሮጡበት መንገድ ብዙም ሳልርቅ እኖራለሁ። ከእምነታቸው አንድ ስንዝር ሳይለቁ ለእኔ ቦታ ያገኙልኝን ሴትዮ፣ እዚያ መንገድ ላይ በመኪና ባለፍኩ ቁጥር ሻርፓቸው ወድቆ አያቸዋለሁ።

ይሄን ለልጄ ስጨርስላት ጣሳውን አንስታ አየችው። ሊያልቅ ነው። የአክስቴን አሮጌ ወንፊት ከጋራዥ አመጣሁና መደቡ ዳር ተቀመጥን። እሷ ታነሳለች፣ እኔ እነፋለሁ። ጥቂት ቆይታ ወንፊቱን ከእጄ ወሰደች።

"ጠጠሩን ለምን ነው የምታወጪው?" አለችኝ፣ በአማርኛ።

"እጅሽን እንዳይልጠው ነው" አልኳት።