ለቅሶ ላይ የዋለ ዕቃ

ቤት ስከራይ መጀመሪያ የማየው ግቢው ስንት መውጫ እንዳለው ነው። ደላላው ስለ ጣሪያውና ስለ ግድግዳው ሲያወራ እኔ በጓሮ ዞሬ አጥሩን እነካካለሁ። ቆርቆሮው ቢገፋ ይላቀቃል? ከአጥሩ ጀርባ ያለው ጎረቤት ሰው ያሳልፋል? ወደ አስፋልቱ የሚያቋርጠው ቅያስ የትኛው ነው? ውሃ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ፣ የከሰዓት ፀሐይ በየትኛው ግድግዳ ላይ እንደምትውል የምጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ወደ ምዕራብ የዞረ የብሎኬት ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊቱን ሲተፋ ያድራል። ያም ሆኖ ሁለተኛ በር ያለው ቤት ካገኘሁ ሙቀቱን እችለዋለሁ።

አጣዬ ስትቃጠል የእኛ ግቢ አንድ በር ብቻ ነበረው፤ በዚያ በር በኩል መውጣት አልተቻለም። እናቴን ያወጣኋት በጓሮ መስኮት ነው። መስኮቱ ጠባብ፣ የወደቀችበት መሬት ድንጋያማ ነበር። ጉልበቷ ከዚያ ወዲህ አልዳነም፤ ስትቀመጥ እግሯን ዘርግታ ነው፣ ስትነሳ አንድ ነገር ተደግፋ ነው።

ከዚያ በኋላ ማጀቴ አጎቴ ቤት ተቀመጥን። ቀጥሎ ካራቆሬ አንድ ክፍል ተከራየን። ጸጥ ብሏል ሲባል አጣዬ ተመልሰን ከዘመድ ግቢ ጥግ በቆርቆሮ የተከለለች ማደሪያ ሠራሁ፤ ቆርቆሮው ሳይዝግ እንደገና ወጣን። ሸዋ ሮቢት ከገባንም ወዲህ ያን ጊዜ የነበርንበት ሁለተኛው ቤታችን ነበር። እኔ የውሃ ሞተር እጠግናለሁ፤ የሽንኩርት ገበሬዎች ከወንዝ ውሃ የሚስቡበትን ሞተር ማለቴ ነው። ሙያውን ያስተማረኝ የለም፤ የተበላሹትን እየፈታሁ የለመድኩት ነው። ስፈታ ብሎኖቹን ባወጣሁበት ተራ ጨርቅ ላይ እደረድራለሁ። ቤት ስንቀይርም ዕቃችንን እንደዚያው አደርገዋለሁ፤ መጨረሻ የሚወርደው መጀመሪያ ይጫናል።

አከራያችን ልጁን ሊድር ነበርና ቤቱን ፈለገው። በትህትና ነው የነገረን፤ ጊዜም ሰጠን። ያን ጊዜ ሦስት ነገር አሰብኩ። አጣዬ ገብቶ የተቃጠለውን ቤት መሥራት፣ እዚሁ ሌላ ቤት መፈለግ፣ ወይም ደብረ ብርሃን መውጣት። ደብረ ብርሃን ያለ ጓደኛዬ ፋብሪካ ውስጥ የጥገና ሥራ እንዳለና ሁለት ክፍል ቤትም እንዳየልኝ ነግሮኝ ነበር። ደጋ ነው፣ ይበርዳል፣ ግን ማታ ማታ ጆሮ አቁሞ መተኛት የለም። በየቀኑ እያወጣሁ እያወረድኩ ቆይቼ ደብረ ብርሃንን መረጥኩ።

ለእናቴ ስነግራት ምስር እየለቀመች ነበር።

«ብርዱ ጉልበቴን አይዘውም?» አለች።

«ቤቱ ጣውላ ወለል አለው። ምድጃም እንገዛለን።»

«እንዳልክ» አለች፤ ቀና አላለችም። እሺ ማለቷ መሰለኝ።

የጭነት መኪና ተነጋገርኩ። ሹፌሩ የካራቆሬ ሰው ነው፤ በአይሱዙው ሽንኩርት ያመላልሳል። ጠዋት በጊዜ እንዲመጣ ተስማማን። ፀሐይ ሳትጠነክር መጫን ስለፈለግሁ ጎህ ሲቀድ ተነስቼ ዕቃውን ወደ ግቢው አወጣሁት። ወንበሮቹን አንዱን በአንዱ ላይ ደረደርኩ፣ አግዳሚውን ከአጥሩ ጋር አስጠጋሁ፣ ሰሌኑን ጠቅልዬ አሰርኩ፣ አልጋውን ፈታታሁ። የውሃውን በርሜል ግን መጨረሻ ላይ ልደፋው ሞልቶ ተውኩት፤ በዚያ ሰሞን ቧንቧው ጠፍቶ ስለነበር እንዲሁ መድፋቱ አሳዝኖኛል።

በግድግዳ የሚዋሰኑን ሽማግሌ ታመው ከርመዋል። እስላም ናቸው፣ ድሮ ማሾ ይነግዱ ነበር። የመጨረሻውን ፍራሽ ተሸክሜ ስወጣ የሚስታቸውን ጩኸት ሰማሁ። እናቴ የያዘችውን ብርድ ልብስ ደፍ ላይ ጥላ፣ ግድግዳውን እየተደገፈች ወጣች። ስታነክስ እንደዚያ ፈጥና አይቻት አላውቅም።

እኔ ፍራሹን እንደያዝኩ ቆምኩ። ብዙ ሳይቆይ የቅሬው ጥሩምባ ተነፋ። ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው፣ እዚህ የሰፈሩ ሁሉ ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ይቀብራል፣ በአንድ ድንኳን ይቀመጣል። ተከራይ ግን ቶሎ አይገባበትም። ዛሬ ያለ ነገ የሌለ ሰው ተራ አይቆጥርም፣ ጉድጓድ ሲቆፈር ተፈልጎ አይገኝም፤ ስለዚህ ዋስ ይጠየቃል። እኛ ዋስ የሚሆነን ሰው አልነበረንም፤ እኔም ፈልጌው አላውቅም።

ጎረምሶች የድንኳኑን ብረት ቅያሱ ላይ መትከል ጀመሩ። ወዲያው ሁለት ሴቶች ወደ ግቢያችን ብቅ አሉ። የተደረደረውን ወንበር፣ አግዳሚውንና ሰሌኑን አይተው እርስ በርስ ተያዩ።

«አየሽልኝ?» አለች አንዷ። «ሳይጠየቁ አውጥተው ጠበቁን!»

«አላህ ውለታችሁን ይክፈላችሁ። ፍራሹንም ወዲህ በለው የኔ ወንድም፣ ሴቶቹ ይቀመጡበታል።»

አፌን ከፈትኩ። እነሱ ግን ፍራሹን ከእጄ ተቀበሉኝ። ከእነሱ ኋላ ሌሎች መጡ። ወንበሩ ሄደ፣ አግዳሚው ሄደ፣ ሰሌኑን ያሰርኩበትን ገመድ እንኳ ሳይፈቱ ተሸክመው ሄዱ። አንዲት ሴት በርሜሉን ከፍታ «አልሐምዱሊላህ፣ ሙሉ ነው! ለሬሳው ትጥበት ውሃ ከየት ይመጣል ስንል ነበር» አለችና ጀሪካኖች ተሰለፉ። ሰው የሞተባቸው ጎረቤቶች እያመሰገኑኝ ውሃዬን ሲቀዱ፣ ይህ ለእናንተ የወጣ አይደለም፣ ልንሄድ ነው ማለት በየትኛው አፍ ይቻላል?

ግን ሌላ ነገር ገባኝ። ልንሄድ መሆኑን ማንም አያውቅም ነበር። ከጓደኛዬ ጋር ስጨርስ፣ ካርቶን ስሰበስብ፣ መኪና ስነጋገር እናቴ ለአንድ ጎረቤት አልተናገረችም። የዚህን ሰፈር ሴቶች ሁሉ ታውቃለች። አንዷንም አልተሰናበተችም።

ሬሳው ካለበት ግቢ ደጃፍ ላይ አገኘኋት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ከተጣደ ትልቅ ሰታቴ አጠገብ ቆማለች።

«እማዬ፣ ዕቃውን እየወሰዱት ነው።»

«አየሁ።»

«መኪናው ይመጣል እኮ።»

«ይምጣ» አለች። «ሂድ፣ እንጨት የሚፈልጥ የለም።»

መኪናው መጣ። ድንኳኑ ቅያሱን ስለዘጋው ሹፌሩ ጫፍ ላይ አቁሞ በእግሩ ገባ።

«ዕቃው የታለ?» አለኝ።

«ድንኳን ውስጥ።»

«ድንኳን ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ሰው ተቀምጦበታል።»

ወደ ድንኳኑ አየ፣ ወደ እኔ አየ። ሊስቅ ነበር፤ ለቅሶ ላይ መሆኑ ትዝ ሲለው በመዳፉ አፉን ጠረገ። ያኔ የቅሬው ዳኛ ከኋላችን ደረሱ። ረጅም፣ ምርኩዝ የያዙ ሰው ናቸው። አይሱዙውን በምርኩዛቸው አመለከቱ።

«ይኼ ያንተ ነው?»

«እኔ ነኝ የጠራሁት ጋሼ፣ ግን...»

«ተባረክ። መቃብሩ ሩቅ ነው፣ ሽማግሌዎቹን በምን እናድርሳቸው ስል ነበር። በል ዶማና አካፋውን ጫን፣ ቆፋሪዎቹ ይቅደሙ።» ሹፌሩን ዞር ብለው «አንተስ የማን ልጅ ነህ?» አሉት። የካራቆሬ መሆኑን ሲነግራቸው «እንዲያውም የቅርብ ነህ» ብለው ትከሻውን መቱት። ሹፌሩ ጆሮዬ ሥር «ቀብር ነው፣ እምቢ አይባል» አለኝና ሞተሩን ሊያስነሳ ሄደ።

ደብረ ብርሃን ሊያደርሰኝ በመጣ መኪና ላይ ከቆፋሪዎች ጋር ወጣሁ። መቃብሩ ከከተማው ወጣ ብሎ ተረተር ላይ ነው፤ መሬቱ ጠጠር ነው፣ ዶማው ሲያርፍበት ይጮኻል። አንድ ባለ ባጃጅ ወጣት እንዴት እንደሚቆፈር አሳየኝ። ጉድጓዱ ከወረደ በኋላ በሰሜን በኩል ባለው ግድግዳ ሥር ሬሳው ወደ ጎን የሚገባበት ቦታ ይፈለፈላል። ጥንቃቄ የሚፈልገውን ሥራ ለእኔ ተዉልኝ። ጠርዙ እየተናደ ስላስቸገረኝ በአካፋ ጀርባ እየመታሁ አስተካከልኩት። ከሁለቱም ጫፍ በዶማው እጀታ ለካሁ፤ አንዱ ጫፍ ጠቦ ስላገኘሁት እንደገና ገባሁበት።

«መሐንዲስ!» አለኝ ባለ ባጃጁ ከላይ። «እንዲህ የምታሳምረው ልትከራየው ነው እንዴ?»

«ተወው፣ ሁለተኛ በር እያወጣለት ነው» አለ ሌላው።

ሳቁ። እኔም ጉድጓድ ውስጥ ሆኜ ሳቅሁ። ወዲያው ግን አጥር ስነካካ ያዩኝ እንደነበር ገባኝና ፊቴ ጋለ።

ሽማግሌው ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ ተቀበሩ። ስንመለስ ድንኳኑ ውስጥ መቀመጫ ቦታ ያጡ ሰዎች አልጋችንን ገጥመው ተቀምጠውበታል፤ አንዱን ብሎን ያለ ቦታው አስገብተውታል። ዳኛው ተነስተው የቅሬውን ሰው አመሰገኑ። ቀጥለው እናቴ ወደ ተቀመጠችበት ዞር አሉ። «የእኚህ ሴትዮ ቤት ከዛሬ ጀምሮ የቅሬያችን ነው። ዋስ የሚጠይቅ ካለ እኔ አለሁ» አሉ። ሁሉም አሜን አለ። እናቴ ሰው ሁሉ እያለ ወደ እኔ አየች። አንድ ቃል ብናገር፣ ልንሄድ ነው ብል፣ የሚሆነውን ታውቃለች፤ ብናገርም እንደማትቆጣኝ በዓይኗ ውስጥ አየሁ። ዝም አልኩ።

ሰው ሳሳ ሲል ባዶው ቤታችን ወለል ላይ ተቀመጥን።

«ለምን አልነገርሻቸውም?» አልኳት።

እግሯን ዘርግታ ጉልበቷን ታሻለች። «አጣዬ ቅሬያችን የት ገባ?» አለችኝ። «ግማሹ አዲስ አበባ፣ ግማሹ አንተ ባልከው ደብረ ብርሃን፣ ሌላው ወዴት እንደገባ አይታወቅም። ስንቱን እንጨት ተሸክሜ፣ ስንቱን አልቅሼ የኖርኩበት ነው። እኔ ስሞት ማን ሊመጣ ነው? አንተና ያ ጓደኛህ?»

«እዚህ ደግሞ ችግር ቢመጣስ?»

«አንተ ቤት ስታይ እንዴት እንደምንሮጥ ነው የምታስበው። እኔ መሮጥ አልችልም ልጄ። በመስኮት ሁለተኛ አልወጣም።»

የጓሮ በር የምፈልገው ለእሷ ብዬ እንደሆነ በእያንዳንዱ ቤት ለራሴ ነግሬያለሁ። የተነቀለ ቆርቆሮ ቀዳዳ ውስጥ ስታልፍ ግን አስቤያት አላውቅም።

በማግስቱ ዳኛው ቤት ሄድኩ። እውነቱን ሳልናገር የቅሬያቸውን አሜን ይዤ መቀመጥ አልሆነልኝም።

«ጋሼ፣ ዕቃው ለለቅሶው የወጣ አይደለም። መኪናውም...»

«አውቃለሁ» አሉ። «ሹፌሩ መንገድ ላይ ነገረኝ። ሬሳ ይዘን ምን እንድል ፈለግህ?»

«በሰው ፊት ዋስ ሆኑልን እኮ።»

«ሆንኩ። ስለዚህ አሁን ንገረኝ። ትኖራላችሁ?»

«እናቴ ትኖራለች።»

«ስለ እሳቸው አልጠየቅኩህም።» ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ጎረምሳ የሌለው ቤት ለቅሬ ሸክም ነው። ጥሩምባ ሲነፋ የሚወጣው አንተ ነህ። ክፉ ቀን ሲመጣም የሚቀብር ሰው መቅረት አለበት። ያን ቀን ዕቃህን ጭነህ ካየሁህ እኔ ነኝ የማፍረው።»

አልተቸኮሉም። በመጨረሻ «እኖራለሁ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አላሳመነኝም፤ እሳቸው ግን ተቀበሉኝ።

ለጓደኛዬ ደወልኩ። የፋብሪካውን ሥራ ሌላ ሰው ያዘው። እዚያው ሰፈር ከእህል ወፍጮ ጀርባ ሁለት ክፍል አገኘን። ግቢው አንድ በር ብቻ ነው ያለው፤ ጓሮው የወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ነው። የመኝታ ክፍሉ ወደ ምዕራብ ዞሯል። ደላላው ሲያሳየን እናቴ ወደ ውስጥ እንኳ አልገባችም፤ ደጃፉ ላይ ቆማ ከዚያ የሟቹ ሚስት ቤት ይታይ እንደሆነ አየችና «ጥሩ ነው» አለች።

ትክክል መወሰኔን እስካሁን አላውቅም። ደብረ ብርሃን የሄዱት ሰዎች እንቅልፋቸውን እየተኙ ነው ብዬ አስባለሁ፤ ደግሞ ቀብር ላይ ስቆም እናቴ አንድ ቀን በእነዚህ እጆች እንደምትነሳ አስብና ጥቂት ቀለል ይለኛል። ሁለቱም በአንድ ቀን ይፈራረቁብኛል።

በቀደም ከአጣዬ በኩል መኪና ሳይመጣ አረፈደ። መንገዱ ተዘጋ የሚሉ አሉ፣ አውቶቡስ ተበላሽቶ ነው የሚሉም አሉ። ከታችኛው ሰፈር አንድ ቤተሰብ በባጃጅ ፍራሽ ጭኖ ወደ ላይ ሲሄድ አየሁ። የሟቹ ሚስት አይተው ኖሮ ነጠላቸውን እንኳ ሳያስተካክሉ እየተጣደፉ መጡ። በሩ ላይ አገኙኝ።

«ልትሄዱ ነው እንዴ?» አሉኝ።

እኔ ከመመለሴ በፊት እናቴ ከውስጥ ሽንኩርት እየላጠች «ወዴት?» አለቻቸው።

ሴትየዋ ሳቁና ሊያግዟት አጠገቧ ተቀመጡ። እኔ አልሳቅሁም።