ምንጩ አፍ ላይ የደፋሁት አመድ

ለእኔ ዘመን ሴት አመድ ማለት ንጽሕና ነው። ድስት የምንፈትገው በአመድ፣ ቁንጫ የምናባርረው በአመድ። ስለዚህ ያን ጊዜ የሠራሁትን ጅልነት ስናገር አትፍረዱብኝ።

ነገሩ በንጉሡ ዘመን ነው። እንጦጦ ግርጌ፣ የካ፣ የባሌ እናት ግቢ በሙሽርነት ከገባሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። አማቴ ደግ ሴት ነበሩ፤ ሲቆጡ ግን ወደ ኦሮምኛ ይሻገራሉ፣ እኔም ግማሹ ስለማይገባኝ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። አንድ የክረምት ጠዋት ከመንደሩ ምንጭ ውሃ ቀድተው ሲመለሱ ጭቃው አንሸራትቶ ጣላቸው፣ እንስራቸውም ተሰበረ። ወገባቸውን ይዘው ሲያነክሱ ሳይ፣ "ይቺን መንገድ እኔ ነኝ የማበጃት!" ብዬ ፎከርኩ። እንዲወዱኝ ፈልጌ ነበር፤ እውነቱ ይኸው ነው።

ባሌ አሮጌ ብረትና ባትሪ የሚያቀልጥ ፋብሪካ ውስጥ የምድጃ ሠራተኛ ነበር። እዚያ ጥቁር አመድ የሚወስደው አጥቶ ተከምሯል። በጆንያ እያስሞላሁ በአህያ አስመጣሁት። ከግቢያችን በር እስከ ምንጩ አፍ ድረስ ደፋሁት፣ ረጋገጥኩት። ጭቃው ድራሹ ጠፋ። መንደርተኛው መረቀኝ፣ እኔም ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ።

ዝናቡ ከበረታ በኋላ አማቴ ሻይ አፈሉ። ሻዩ የጽሕፈት ቀለም መስሎ ጠቆረ። ቀመሱና ተፉት።

"ቢላዋ የላስኩ ነው የመሰለኝ!" አሉ።

ዝናቡ አመዱን እያጠበ በውስጡ ያለውን ብረት ሁሉ ወደ ምንጩ አውርዶት ኖሯል፤ ሻዩን ያጠቆረው እሱ ነው። ባሌ የፋብሪካውን አለቃ ጠይቆ መጣ፦ መርዘኛው እርሳስ ሳይቀር አለበት፣ አመዱ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለው አፈርም ይነሳ ብሏል። የመንደሩን ውሃ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አማቴ ኦሮምኛቸውን ጀመሩ፤ ረዘመብኝም። ሲጨርሱ ነጠላቸውን አገልድመው አካፋ አነሱና ጎረቤቱን በሙሉ ለደቦ ጠሩ። እኔ ሦስት ቀን የደፋሁትን መንደሩ በአንድ ቀን ዛቀው። ሴቶቹ ስለ እኔ ዘፈን አወጡ፣ "አመድ አፋሽ ሙሽራ" እያሉ ያጨበጭባሉ። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ኋላ ግን ሳቄ አመለጠኝና አብሬ አጨበጨብኩ። አመዱን ለፋብሪካው መለስንለት፤ እነሱ የት እንደሚደፉት ግን ማንም አልጠየቀም።

ከዚያ ወዲያ ከላይኛው ምንጭ፣ ከዳገቱ፣ ውሃ የማመላልሰው እኔ ሆንኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እኔ ባበላሸሁት በታችኛው ምንጭ ውሃ ሻይ አፈላለሁ፤ ለማየት እንጂ ለመጠጣት አይደለም። ጥቁር ነው፤ አማቴ አይተው ይደፉታል። ወር አልፎ ወር ሲተካ ጥቁረቱ ሳሳ።

ሁለተኛው ክረምት ወጥቶ መስቀል በዋለ ማግሥት ሻዩ ቀይ ሆነ፤ የብርጭቆው ታች ታየ። ደስታዬን አልችለው አልኩ። ጥፋቱ የኔ ነውና ቀድሞ መቅመሱም የኔ ነው ብዬ ብርጭቆውን ሳነሳ አማቴ ከእጄ ነጠቁኝ።

"እማማ፣ እኔ ልቅመሰው እንጂ! ቢያምዎትስ?"

"አንቺማ አሁን የምትጠጪው ለሁለት ነው፤ ተዪ፣ እኔ ልቅደም።"

ለባሌ እንኳ ገና አልነገርኩትም ነበር። እንባዬ መጣ። እሳቸው ፉት አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ፣ ደግመው ፉት አሉና እስከ ታች ጨለጡት።

"ስኳር አንሶታል" አሉኝ።