መዶሻ እጇን ያቀለለችበት ዓመት

መዶሻ የሚለውን ስም ያወጣላት አንድ ግንበኛ ነው። ወገቡን ሊታሽ ገብቶ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው፣ ይህች ሴት እጇ ውስጥ መዶሻ ደብቃለች ብሎ አለቃዋ ዘንድ ከሰሳት። አለቃዋ ገብቶ አየ። መዶሻ አልነበረም። ግንበኛው ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ መምጣት ጀመረ፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ማሳጅ ቤቱ ከአንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሥር በሚወጣው እንፋሎት ምክንያት ክረምት ከበጋ ግድግዳው ያልበዋል። መዶሻ እዚያ ሦስተኛው ክፍል ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት ሠርታለች። ከእሷ ክፍል የሚወጣ ሰው ግድግዳ እየተደገፈ ነው የሚወጣው፤ እሷም ይህን እንደ ምስጋና ነበር የምትቆጥረው። በሥራ ላይ ከአፏ የሚወጣው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር። "ልጨምር?" ትላለች። አልጋው ላይ የተኛው ሰው ለመመለስ ትንፋሽ ካጠረው፣ ዝምታ ስምምነት ነው ብላ ትጨምራለች።

እንግዳ መቀበያው ላይ በላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ተለጥፏል። ትኩሳት ያለበት፣ የሰከረ እና ካንሰር ያለበት ሰው አይስተናገድም ይላል። ማን እንደጻፈው አይታወቅም። አለቃዋ ሲጠየቅ "ከድሮ ጀምሮ አለ" ይላል። የካንሰሩ ነገር ግን ወረቀትም አያስፈልገው፤ ካሹት በሰውነት ውስጥ እንደሚበተን ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። መዶሻም ታምንበት ነበር። ሊጥ እያቦኩ እርሾውን ብቻ ጥግ ላይ ማስቀረት አይቻልም ትላለች። ማንም አልተከራከራትም፤ በሌላም ነገር የሚከራከራት አልነበረም።

የባሏ ታላቅ እህት ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። ቤተሰቡ በሙሉ እትዬ ነው የሚላቸው። እትዬና መዶሻ አሥራ አንድ ዓመት ሆድና ጀርባ ሆነው ኖረዋል። ነገሩ የተጀመረው በአንድ የቤተሰብ ምሳ ላይ ነው። እትዬ ሾርባቸውን ጨርሰው አፋቸውን ጠራረጉና፣ ወንድሜ ጭንቅላት ያላት ሴት ያገባል ብዬ ስጠብቅ እጅ አገባ አሉ። መዶሻም፣ ጡረታ የሚገባው እርስዎን ሠላሳ አንድ ዓመት ለሰማው ጆሮ ነበር ብላ መለሰች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ሁለቱም ሊያሹት አልሞከሩም። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ከኋላው የተቀመጡ ሰዎች ሲጣሉ ዞሮ የማየት ልማድ የለውም።

እትዬ የጡት ካንሰር እንዳለባቸው የታወቀው በጸደይ መግቢያ ላይ ነው። የግራ ጡታቸው ወጣ፤ ከብብታቸው ሥርም ዕጢዎች ተነቀሉ። ከዚያ ኬሞ ተጀመረ። መዶሻ ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ሄዳ ጠየቀቻቸው። ሁለቱንም ጊዜ አልጋው ግርጌ ቆማ እንዴት ነዎት አለች፤ እሳቸውም ሁለቱንም ጊዜ እንደምታዪኝ አሉ። ጥየቃው በዚህ አለቀ።

ከአራተኛው ኬሞ በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ እትዬ የሱፍ ቆብ አድርገው የማሳጅ ቤቱን ደረጃ በየመታጠፊያው እያረፉ ወጡ። ሦስተኛውን ክፍል ጠይቀው ገቡና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ትከሻቸው እንደ ድንጋይ መድረቁን፣ እንቅልፍ እንዳጡ ተናገሩ። ልክ ለተማሪ የቤት ሥራ የሚሰጡ ይመስል ነበር። መዶሻ ስለ ወረቀቱ ነገረቻቸው። እትዬ ወጥተው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፤ ሁለት የፊደል ግድፈት አገኙ። ተመልሰው ገቡ።

"ከኦፕሬሽኑ ወዲህ የነካኝ ሰው ሁሉ ጓንት ያጠለቀ ነው" አሉ። "ዘመድ እንኳ ሲጨብጠኝ በጣቱ ጫፍ ነው። አንቺ አትወጂኝም። ስለዚህ አታዝኚልኝም ብዬ ነው የመጣሁት።"

መዶሻ አልችልም፣ ብቻ አለች። እትዬ ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ። በመስኮት ስታያቸው መንገዱን ሳይሻገሩ የአጥር ብረት ይዘው ረጅም ጊዜ ቆሙ። መዶሻ ነገሩ በዚህ በማለቁ ቀለል አላት፤ ስለ ቀለላትም ቀኑን ሙሉ ተናደደች።

ነገሩ ግን አላለቀም። ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማረ ሰው የሚጠይቀው አካል አያጣም። እትዬ ጥያቄውን ለካንሰር ሐኪማቸው አቀረቡ፤ ሐኪሙ ወደ ሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒስት መራቸው፤ በሳምንቱ ለመዶሻ ስልክ ተደወለላት። ፊዚዮቴራፒስቷ አጭር፣ ድምጿ ዝቅ ያለ ሴት ናት። ሁሉም ዶክተር ይላታል፤ ማረም ሰልችቷት ትታዋለች። መዶሻ ሆስፒታል ስትሄድ መጀመሪያ የጠየቀችው ካንሰሩ አይበተንም ወይ ብላ ነው። ሴትየዋ ለስለስ ያለ እሽት ካንሰርን እንደማይበትን፣ ብዙ ሰው ግን በዚህ ፍርሃት ብቻ ሳይነካ እንደሚቀር አስረዳቻት። መዶሻ ከሦስት ዓመት በፊት የመለሰችው አንድ ሰውዬ ትዝ አላት። ሸሚዙን መልሶ ሲቆልፍ ቁልፉን አሳስቶ፣ አመስግኖ ነበር የወጣው። ስለ እሱ ለፊዚዮቴራፒስቷ አልነገረቻትም።

"የእርስዎ እጅ ካንሰር አይበትንም" አለች ሴትየዋ፤ "ሌላ ነገር ግን ሊሰብር ይችላል።"

ከመሳቢያዋ የወጥ ቤት ሚዛን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እንደ ወትሮዎ ይጫኑ አለቻት። መዶሻ በአውራ ጣቷ ተጫነች። ሚዛኑ ዘጠኝ ኪሎ አሳየ። መዶሻ ገና አልጀመርኩም አለች። ሴትየዋ እናቁም አለች። ከዚያ ቅባት ቆዳ ላይ ለማዳረስ የሚበቃውን ያህል፣ ከዚያ ሳታሳልፍ እንድትጫን ጠየቀቻት። መዶሻ ስድስት ጊዜ ሞከረች። ስድስቱንም ጊዜ መርፌው እንደ ፍየል ዘለለ።

እንዲህ ሆኖ ለአሥር ሳምንት፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት፣ ትምህርት ገባች። መጀመሪያ የተማረችው በእጅ ሳይሆን በአፍ ነበር። ከመንካት በፊት መጠየቅ። ካንሰሩ የት ነው ወይም የት ነበር? ከየትኛው ብብት ዕጢ ተነቅሏል? አጥንት ነክቷል ወይ? አጥንት የነካበት ሰው በትንሽ ጭነት ሊሰበር ይችላልና። የደም ምርመራው ምን ይላል? ደም የሚያረጋው ነገር ቁጥሩ ከወረደ እጅ ያረፈበት ሁሉ ይበልዛልና። ቆዳው በጨረር ተቃጥሏል ወይ? ከቆዳ ሥር የተቀበረ የመድኃኒት ማስገቢያ አለ ወይ? በአንድ በኩል ያበጠ እግር ወይም ክንድ አለ ወይ? መዶሻ በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ከጠየቀችው በላይ በአንድ ሐሙስ ጠየቀች። የሚከብዳት ግን ልጨምር የሚለውን ልቀንስ በሚለው መተካት ነበር። ምላሷ አልታዘዝ አላት።

ልምምዱን ባሏ ላይ አደረገችው። ከሥራ ሲመለስ ሶፋው ላይ አጋድማ እግሩን ትይዛለች። በመጀመሪያው ቀን ከሩብ ሰዓት በኋላ፣ መቼ ነው የምትጀምሪው አላት። በሁለተኛው ሳምንት መጠየቁን ተወ። በሦስተኛው እያንኮራፋ አገኘችው። ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ሲኖሩ በእጇ ሥር ተኝቶ አያውቅም፤ ቀድሞ የሚሞክረው ማምለጥ ነበር።

እትዬን መጀመሪያ ያሸቻቸው በራሳቸው ቤት ነው፤ አለቃዋ በኔ ቤት አይሆንም ስላለ። እትዬ በደረታቸው መተኛት ስለማይችሉ በአራት ትራስ ደግፋ ግማሽ ጋደም አደረገቻቸው። ሽታ ያለው ቅባት ስለሚያቅለሸልሻቸው ሽታ የሌለው ይዛ መጣች። በግራ ክንዳቸውና በዚያ በኩል ባለው ደረትና ጀርባ ላይ፣ በተማረችው መሠረት፣ እንዲሁ መዳፏን ብቻ አሳረፈች። በቀኝ በኩል ከአንገት አጥንታቸው በታች የተቀበረችውን የመድኃኒት ማስገቢያ ዙሪያዋን ዘለለች። የቀረው እግር፣ እጅና ራስ ነው። ፀጉር አልነበረም። መዶሻ ራሳቸውን በሁለት መዳፏ ያዘች።

ሃያ ደቂቃ ሲሞላ አቆመች። እትዬ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ ይሄ እንግዲህ ድመት ስትራመድብኝ ነው እንጂ እሽት አይደለም አሉ። ሐሙስ በስንት ሰዓት ትመጫለሽ ሲሉም አስከተሉ። መዶሻ ሐሙስ ትምህርት እንዳላት ተናገረች። ማክሰኞ ተስማሙ። ከዚያ በኋላ ሳምንት በሳምንት ሆነ። ብዙ አያወሩም ነበር። እትዬ አንዳንዴ የወንዞች ስም ይጠይቋታል፤ አታውቅም፤ ይነግሯታል። አንድ ቀን ግን ያለምንም መግቢያ፣ ያን ጊዜ ስለ እጅ ያልኩት ልክ አልነበረም አሉ። መዶሻም ስለ ጆሮው ያለችውን አነሳች። እትዬ እሱስ ልክ ነበር አሉ።

ሰባተኛው ማክሰኞ ላይ እትዬ በቁጣ ጠበቋት። ሦስት ቀን የቀኝ ባታቸው አሟቸዋል፤ ጅማት ተኮማትሮ ነው ብለው ወስነዋል። ድመቷን ዛሬ ተዪያትና እንደ ድሮሽ አድርገሽ እሺልኝ አሉ። መዶሻ ብርድ ልብሱን ገለጠች። የቀኙ ባት ከግራው ወፈር ብሏል። የእጇን ጀርባ አስጠጋች፤ ይሞቃል። ከልብስ መስፊያው ሳጥን ሜትር አምጥታ ሁለቱንም ለካች። የሦስት ሴንቲ ሜትር ልዩነት ነበረው። እጇን ሰብስባ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"እትዬ፣ ይህን እግር አልነካም።"

"የሚያመኝ እሱ ነው እኮ።"

"ለዚያ ነው የማልነካው። ሆስፒታል እንሄዳለን።"

እትዬ አልሄድም አሉ። ትናንት ከሆስፒታል ወጥቼ ዛሬ ለጅማት ብዬ አልመለስም፣ ደግሞ አንቺ ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆንሽው አሉ። እጅ ያገባ ወንድም የሚያገኘው ይህንኑ ነው ለማለትም አፋቸውን ከፍተው፣ ግማሽ ላይ ተዉት። መዶሻ እንዳይራመዱ ነግራ መጀመሪያ ለፊዚዮቴራፒስቷ፣ ቀጥሎ ለባሏ ደወለች። ባሏ አውቶቡሱን ለተተኪ አስረክቦ፣ የጎረቤት መኪና ተውሶ በሃያ አምስት ደቂቃ ደረሰ። በዚያች ከተማ አውቶቡስ እንዲህ ፈጥኖ ደርሶ አያውቅም። እትዬን በወንበር ይዘዋቸው ወረዱ።  

በአልትራሳውንድ ሲታይ ባታቸው ውስጥ ደም ረግቷል። ተረኛው ሐኪም፣ ካንሰርና ኬሞ ያለበት ሰው ላይ ይህ እንደሚከሰት፣ በኃይል ቢታሽ ኖሮ የረጋው ደም ተላቆ ወደ ሳንባ ሊሄድና ሊገድል ይችል እንደነበር ነገራቸው። እትዬ ወደ ጣሪያው እያዩ አደመጡት። ደም የሚያቀጥን መርፌ ተጀመረላቸው፤ አምስት ቀን ሆስፒታል ተኙ። በሦስተኛው ቀን መዶሻ ልትጠይቅ ስትገባ፣ እትዬ ለጎን አልጋዋ ሴትዮ እግራቸውን ገና ሲያዩት ደም መርጋት መሆኑን ራሳቸው እንደጠረጠሩ እየተረኩላት አገኘቻቸው። መዶሻ አላረመቻቸውም። እትዬ እጃቸውን ዘረጉላት፤ ያዘችው። ወሬያቸውን ቀጠሉ፤ እጇን ግን የጥየቃ ሰዓት እስኪያበቃ አልለቀቁም።

የማሳጅ ቤቱ አለቃ ይህን ሲሰማ የካንሰሩ መስመር ላይ በእስክሪብቶ "ያለ ሐኪም ደብዳቤ" የሚል ጨመረበት። ደብዳቤ ይዘው የሚመጡ ሰዎች መጀመሪያ አንድ፣ ኋላ በወር አምስት ስድስት ሆኑ። የድሮ ደንበኞች በበኩላቸው ቅር አላቸው። አንድ ጫኝ አውራጅ ከአልጋው ተነስቶ፣ አሞሻል እንዴ ብሎ ከልቡ ጠየቃት። ለእሱ የምትጫነውን ያህል ተጭናበት ነበር፤ እጇ ግን ከእንግዲህ በአንድ ፍጥነት ብቻ የሚሄድ አልነበረም።

ሐሙስ ሐሙስ አሁን በሆስፒታሉ ውስጥ ትሠራለች። ክፍሏ የምርኩዝ ማስቀመጫ የነበረ ሲሆን፣ ምርኩዞቹ አሁንም ግማሹን ይዘውታል። የደም ቁጥሩ የወረደበት ሰው ሲመጣ እጁን ብቻ ትይዛለች። ትኩሳት ያለበትን ወደ ነርሶቹ ትልካለች። አንዳንዱ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል፤ አንዳንዱ እንቅልፍ ወስዶት የሚቀጥለው ሰው በር ላይ ይጠብቃል። ሁለት ሦስት ሰዎች በሚቀጥለው ሐሙስ አልመጡም፤ ነርሷ ስማቸውን ከዝርዝሩ ስትሰርዝ መዶሻ ወደ መስኮቱ ታያለች።

እትዬ ሕክምናቸውን ከጨረሱ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። በየቀኑ አንድ ኪኒን ይውጣሉ፤ በየስድስት ወሩ ይመረመራሉ፤ ከምርመራው በፊት ባለው ሳምንት ማንም አይችላቸውም። ፀጉራቸው ተጠቅልሎ በቀለ፤ ቀድሞ ቀጥ ያለ ነበር፤ ይህንንም አልወደዱትም። የግራ ክንዳቸው ትንሽ ስለሚያብጥ ጠበቅ ያለ እጅጌ ያጠልቁበታል። ማክሰኞ ማክሰኞ ደረጃውን ወጥተው ሦስተኛው ክፍል ይገባሉ፤ በሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ብቻ ነው የሚያርፉት። ባለፈው ሳምንት ተራቸውን ሲጠብቁ እንግዳ መቀበያ ላይ የተሰቀለውን የዓለም ካርታ አይተው፣ ሁለት አገሮች በስህተት መቀባታቸውን ለአለቃው አስታወቁት። አለቃው ከድሮ ጀምሮ አለ አላቸው።